በቆረቆንዳ የተወተፈው ጀሪካን

የቦኖው ጠባቂ ሽባባው ቢጫውን ጀሪካን በእግሩ ገፍቶ ከሰልፉ ሲያወጣው ደጊቱ አየችው። ክዳን አጥቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ስለሆነ ወዲያው ለየችው፤ የተከራይዋ ነው። እንጅባራ ላይ ውሃው ጠፍቶ ሰንብቶ ገና ያን ዕለት መምጣቱ ነበር። ሰው ሥራ ሲኖርበት ጀሪካኑን አሰልፎ መሄዱ የሰፈሩ ደንብ ነው፤ ማንም አይነካበትም። ተከራይዋ ወጣት ግን ግምጃ ቤት ከሚባለው ገጠር ለሕንፃ ሥራ የመጣ ነው፤ አሁንም ሲሚንቶ እየተሸከመ ይሆናል።

«እነዚህ የቀን ሠራተኞች ከመጡ ወዲህ ቤት ኪራዩም ሰማይ ነካ፣ ውሃውም ራቀን!» አለች ከኋላ ያለች ሴት፤ ሰልፉም አጉረመረመ። ደጊቱ አንገቷን ደፋች። ባለፈው ሰሞን እሷም ከጎረቤቶቿ ጋር እንዲሁ ብላለች፤ ያውም የልጇን ክፍል ለወጣቱ አከራይታ።

ቆረቆንዳው ወልቆ ጭቃ ላይ ወድቋል። አነሳችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳም ወተፈችው። ከዚያ ጀሪካኑን አምጥታ ከራሷ ጀሪካን ኋላ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ እሱ የማን ነው?» አላት ሽባባው።

«የልጄ።»

«ልጅዎ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ የለም እንዴ?»

«ወርዷል» አለች፣ እጇን ከጀሪካኑ ላይ ሳታነሳ። «እዚያም ውሃ በሰልፍ ነው አሉ። የእሱን ጀሪካን ማን እንደሚጠብቅለት እንጃ።»