ግማሽ የተላጨ ራስ

ፀጉር አስተካካዩ የመካኒኩን ራስ በግራ በኩል ሙልጭ አድርጎ ላጨና የማሽኑን ገመድ ከሶኬት ነቀለው።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለ መካኒኩ።

«መብራቱስ አለ። የሄድኩት እኔ ነኝ።»

መካኒኩ በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠበት። ከጨርቁ ሥር ወገቡ ላይ ያበጠው ነገር ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የመካኒኩ ታናሽ ወንድም ጭኑን በጥይት ተመትቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ተኳሹ ታስሯል፤ የተኳሹ ታላቅ ወንድም ግን ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ይጋግራል። መካኒኩም ገና ሲቀመጥ «ከዚህ ተነስቼ ዳቦ ቤት ነው የምሄደው» ብሏል።

ማዘጋጃ ቤቱ የከተማዋን ፀጉር አስተካካዮች ሰብስቦ፣ የተኩስ ወሬ ቀድሞ የሚሰማው እናንተ ወንበር ላይ ነው ብሎ ማስታረቅ አሠልጥኗቸዋል። መሣሪያ የሚቆለፍበት የብረት ሳጥንም አድሏቸዋል። እስከ ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ የገባ ነገር የለም። ራስ ግማሽ ላጭቶ ማቆም ደግሞ ከሥልጠናው ውስጥ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ቀልዱን ይተዉትና ይጨርሱኝ።»

«መጀመሪያ ሳጥኑ።»

መካኒኩ ጨርቁን ወርውሮ ወደ በሩ ሄደ። ገና ብቅ ሲል በዚያ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች አዩት፤ አንደኛዋ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ሌላዋ ግን ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ተመልሶ ገባ።

«ወንድሜ ዳግመኛ በእግሩ ላይሄድ ይችላል» አለ፣ ቁጭ እያለ።

«አውቃለሁ። እሱንም ከልጅነቱ ጀምሮ የማስተካክለው እኔ ነኝ። ለመሄድ ሲሞክር ማን ይደግፈው? አንተ እስር ቤት ሆነህ?»

መካኒኩ ተነስቶ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ከዚያ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ራሱ አስቀመጠው።

ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን አነሳ። «ዱቄትህን ሳታራግፍ ና። ከባንኮኒው ሥር ያለችውንም ይዘህ።»

ዳቦ ጋጋሪው የራሱን ሽጉጥ በዳቦ ወረቀት ጠቅልሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ የመካኒኩን ራስ አየ፤ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ።

«ሳቅ፤ ሁሉም ስቋል» አለው መካኒኩ።

«ሆስፒታል ሳልመጣ የቀረሁት አንተን ፈርቼ ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ወንድሜ ላደረገው አፍሬያለሁ። እናቴም ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም።»

«የእኔም እናት» አለ መካኒኩ። «ነገ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን። አንተ ዳቦ ያዝ።»

ወረቀቱም ከነሽጉጡ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ቆለፈው፤ ቁልፉንም ደጋግሞ ሞከረው። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ማሽኑን ሰካ።

ሲጨርስ ትንሹን መስታወት ለዳቦ ጋጋሪው አቀበለው። ዳቦ ጋጋሪው ከመካኒኩ ጀርባ ቆሞ ማጅራቱን አሳየው።

«ትንሽ ዝቅ አድርገው» አለ መካኒኩ። «እንዲያ። እዚያው ያዘው።»