«እርጥብ ፀጉርሽን ካላሳየሽኝ አፉ አልልሽም!»

«አፉ አልልሽም!»

ሰፍያ ይህን ብላ በልጇ ላይ ስልኩን ጠረቀመችው...

ባሏ ከማሉ ሊጠጣው ያነሳው ሻይ እጁ ላይ ቀረ።

በርበሬ እየቀነጠሰች ስታግዛት የነበረችው ጎረቤቷ ተናኘወርቅ አማተበች።

«አንቺ ሴት ጤነኛ ነሽ? ልጅ ከሰው አገር ደውላ ይቅር በይኝ ስትል እምቢ ይባላል?»

ሰፍያ በርበሬውን ወደ ራሷ ስባ መቀንጠስ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሰፍያ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ዛህራ። ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ሦስት ዓመቷ ነው።

የዚያን ዕለት አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ደወለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፤ ሦስቱም ይሰማሉ።

«ኡሚ! እሁድ ዕረፍት ነኝ። ከናጃህ ጋር ሜዲትራኒያን ላይ ያለች ትንሽዬ ደሴት ልንሄድ ነው... ልንዋኝ!»

ናጃህ ከቡታጅራ ብዙም ያልራቀችው የአገና ከተማ ልጅ ናት። እዚያው ቤሩት ነው የተዋወቁት።

«በምን ትሄዳላችሁ?» አለች ሰፍያ።

«በጀልባ ነዋ ኡሚ! ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን።»

ዳቦውን፣ ውሃውን፣ የፀሐይ ባርኔጣውን ሁሉ ቆጠረችላቸው። የደሴቷንም ፎቶ ላከች...

ከማሉ ፎቶውን አይቶ ሳቀ። «ማሻአላህ! ሐረ ሸይጣን ሐይቅን ልናሳያት ወስደናት ከላይ ቆማ ያለቀሰችው ልጅ ዛሬ ባሕር ልትዋኝ ነው?»

ሰፍያም ልትስቅ ነበር...

ግን ዛህራ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ኡሚ... አፉ በይኝ እሺ? አባዬም አፉ ይበለኝ። እትዬ ተናኜም አፉ ይበሉኝ... የዛን ጊዜ ዶሯቸውን በድንጋይ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ተናኘወርቅ በሳቅ ሞተች። ሰፍያ ግን አልሳቀችም...

ለሐጅ የሚነሳ ሰው ነው እንዲህ ጎረቤት ሳይቀር አፉ በሉኝ የሚለው። ምጥ የያዛት፣ አልጋ የያዘ... መመለሱን የማያውቅ ሰው።

ዋኝታ ማታ የምትመለስ ልጅ የዶሮ ነገር ምን አስታወሳት?

«ስሚኝ ዛህራ» አለቻት። «እሁድ ማታ በቪዲዮ ትደውያለሽ። ውሃው ያልደረቀበት ፀጉርሽን ታሳይኛለሽ። ያኔ አፉ እልሻለሁ። እስከዚያ አባትሽም አይልሽም። አፉ አልልሽም!»

ዘጋችባት።

«አንቺ ደግሞ ጀልባ ሲባል ሁሉም ወደ አውሮፓ የሚሻገር ይመስልሻል!» ብሎ ከማሉ ተቆጣ።

«ተሳስቼ ከሆነ አላህ ያሳፍረኝ» አለች ሰፍያ። «እፍረቱ ለእኔ ይሁን... ብቻ ትመለስ።»

ቅዳሜ በርበሬ ስትመዝን ሁለቴ ሚዛን ሳተች። ሠፈሩም አላረፈም... «ልጇን አፉ አልልም ያለች እናት!» ተባለ።

ከማሉ ከሱቅ ጀርባ ተደብቆ፣ «አፉ ብዬሻለሁ ልጄ» ሊላት ስልክ ሲነካካ ሰፍያ ደረሰችበት። ቀማችው!

«አፉ ካልካት ታጣታለህ!»

እሁድ ነጋ።

የዛህራ ስልክ አይሠራም...

ሰፍያ ዙህር ሰገደች። አስር ሰገደች። አሁንም አይሠራም።

አሁን ሰፍያ ሌላ ፍርሃት ያዛት። እውነትም ልትዋኝ ሄዳ ቢሆንስ? ባሕሩ ቢወስዳትስ? ልጇ ከእናቷ አፍ የሰማችው የመጨረሻ ቃል «አፉ አልልሽም» ሊሆን ነው? እኔ ነኝ ጨካኟ ብላ ምርር ብላ አለቀሰች...

መግሪብ አዛን ሲል ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነው።

ዛህራ ናት! ዓይኗ አብጧል። ምንም ሳትል ሻርፗን አወለቀች...

ፀጉሯ ደረቅ ነው።

«ዋናውስ?» አለች ሰፍያ። ልቧ ግን መልሱን አውቆታል።

«ዋና አልነበረም ኡሚ... ፎቶውንም ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት። ወደ ቆጵሮስ ልንሻገር ነበር። እንዳትጨነቁ ብዬ ዋሸኋችሁ።»

«ወደ ቆጵሮስ?» አለ ከማሉ።

«ባሕሩ ዳር ደርሼ ነበር ኡሚ። አንድ እግሬን ጀልባው ላይ አድርጌያለሁ... ያለ እናቴ አፉታ ብሞትስ ስል ሌላኛው እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሰፍያ ስክሪኑን ሳመችው።

«አፉ ብዬሻለሁ ልጄ! አፉ ብዬሻለሁ... አፉ ብዬሻለሁ!»

ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ናጃህስ?»

ዛህራ ሻርፗን መልሳ ለበሰች...

«የሷ እናት አፉ ብላታለች።»

...

«ሄደች ኡሚ። ስልኳ አይሠራም።»

ሰኞ ጠዋት ሰፍያ ሱቋን አልከፈተችም። አድራሻ ከዛህራ ተቀብላ፣ አይታት ከማታውቀው ከናጃህ እናት አጠገብ ልትቀመጥ ወደ አገና ሚኒባስ ተሳፈረች። ተናኘወርቅም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለቻት።

ወገን... የናጃህ እናት ምንም አላጠፋችም። የተነገራት ዋና ነው፤ እንደ ማንኛዋም እናት ልጇን መርቃ ሸኘች። ጥፋቱ «እንዳይጨነቁ» ብለን የምንዋሸው ውሸት ነው። እውነቱን ያልነገርናት እናት ልታድነን አትችልም! ለሰፍያ ልጇ የተረፈችላት የተናኘወርቅ ዶሮ ስላስነቃቻት ነው፤ ሁሉም ቤት ግን ዶሮ የለም።

ለእናታችሁ «ደህና ነኝ» እያላችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለ ዛሬ ደውሉላት።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... እናንተ በሰፍያ ቦታ ብትሆኑ፣ ያ ቃል የመጨረሻችሁ ሊሆን እንደሚችል እያወቃችሁ፣ «አፉ አልልሽም» ለማለት አንጀታችሁ ይችል ነበር?