ከወንበሩ ያልተነሡት ሴት

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ ዓይናዲስ ነው፤ መካነ ብርሃን ሳስተምር አራተኛ ክፍል የነበረ፣ አይደለም፣ አምስተኛ ክፍል የነበረ ተማሪዬ። ዛሬ በአንድ ባሕር ማዶ አገር፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በፈረቃ ሲሠራ የኖረ በመሆኑ፣ እሑድን ከማክሰኞ የሚለየው ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የሥራ ሰሌዳ ብቻ ነበር።

አንድ ሰኞ ጧት አለቃው ጠራው።

«የአገርህ ሴት ናት። ና ተርጉምልን።»

ሴትዮዋ በትራንዚት አዳራሹ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ሐረገወይን ይባላሉ፤ ጎንደር ከተማ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው።

«የማን አገር ልጅ ነህ?» አሉት።

«የጃናሞራ ነኝ፣ እትየ። በልጅነቴ ድጓ ጀምሬ ነበር።»

«ታዲያ ምነው መጥረጊያ ያዝህ?»

«ድጓው ቪዛ አያሰጥም።»

ሣቁ። ወዲያው ግን ነገራቸውን ነገሩት። ልጃቸው ፍሬ በሰው አገር ሞታለች። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ዝማሬ ለማን እንደምትሰጥ ፍርድ ቤት የሚወስነው ሐሙስ ጧት ነው። አያቲቱ በአካል ካልቀረቡ፣ ሕፃኗ ለማታውቃቸው አሳዳጊዎች ትሰጣለች። ወደዚያ የሚወስዳቸው አውሮፕላን የሚነሣው ረቡዕ ማታ ሲሆን፣ እስከዚያ ከተማ ገብተው ሊያርፉ ነበር ሐሳባቸው። እርሳቸው አየር ላይ ሳሉ ግን ደንቡ ተለወጠ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ሲደርስ ቪዛ አይሰጠውም፣ በአዳራሹም ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም ተባለ።

የኢሚግሬሽን መኮንኑ አንድ ወረቀት ዘረጋላቸው። ነገ ወደ አዲስ አበባ በሚበረው አውሮፕላን ቦታ ተይዞላቸዋል።

«ይፈርሙ ይላል፣ እትየ።»

«ምን ብዬ?»

«በፈቃዴ ወደ አገሬ ተመለስሁ ብለው።»

«ሠላሳ ዓመት ካርድ ስጽፍ ጤነኛውን ታማሚ ብዬ መዝግቤ አላውቅም። ፈቃዴ አይደለም በለው።»

ቀትር ላይ ምሳ መጣላቸው። ትሪውን በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። መኮንኑ ደነገጠ።

«የረኃብ አድማ ነው? ባለፈው ጊዜ አንዱ እንዲህ አድርጎ በጋዜጣ አስወጥቶናል!»

ዓይናዲስ ተረጎመላቸው።

«ጾም ላይ ነኝ በለው» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን። «ሦስት ቀን ከውኃ በቀር በአፌ የሚዞር የለም። ረቡዕ ማታ እፈታለሁ። እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

ዓይናዲስ በጣቱ ቆጠረ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

«ነነዌ ገባች እንዴ፣ እትየ?»

«ድጓ የጀመርኸው አንተ፤ ጠያቂውም አንተ?»

መኮንኑ ይህንንም በጽሑፍ ፈለገ። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ተርጓሚው ሥራውንም የመኖሪያ ፈቃዱንም እንደሚያጣ ነገረው። ዓይናዲስ ብዕሩን ተቀብሎ፣ ጾመ ነነዌ ሰው ቀርቶ ከብቱ ሳይቀር የጾመው ታላቅ ጾም መሆኑን ጽፎ ፈረመ። መኮንኑም የራሱን ጾም አጥብቆ የሚጾም ሰው ነበርና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጾመኛ እናት በዘበኛ አስጎትቼ አልጭንም። ረቡዕ ማታ የራሷ አውሮፕላን አለ፤ ያን ጊዜ ትሂድ» አለ።

ማክሰኞ ጧት ነገሩን ያልሰማ ተረኛ ጠባቂ መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ። ወይዘሮ ሐረገወይን የወንበሩን ብረት በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ልቀቀኝ በለው! ከፈለገ ወንበሩን ነቅሎ ከነእኔ ይጫነው!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየ። ዓይናዲስ መወልወያውን ጥሎ የተፈረመውን ወረቀት ይዞ ደረሰ። ጠባቂው አነበበ፤ እጁንም ሰበሰበ።

ዓይናዲስም ከሰኞ ጀምሮ አብሯቸው ጾመ። ዘጠኝ ዓመት የረሳውን በሦስት ቀን የሚክስ መሰለው። ወለሉን ሲወለውል ዓይኑ ይጨልምበት ነበር።

«አንተ ብላ» አሉት። «ሠራተኛ ነህ። ብላ ስልህ!»

«እኔስ ክርስቲያን አይደለሁም?»

ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ። በማዶ ያለው አስፋልት በሙቀት ይንተከተካል። ጥቂት ቆይተው ረኃቡን ለማስረሳት ጨዋታ አመጡ።

«ዓርብ ማታ ማራኪ ሰፈር፣ እህቴ ቤት በግ አርደው ሸኙኝ። ያ ጥብስ አሁን ከፊቴ ቢመጣ ሣህኑንም አልምረው!»

«ኧረ ተዉኝ፣ እትየ፤ መጥረጊያውን ልበላው ነው!»

ረቡዕ ማታ መኮንኑ ራሱ ከበሩ ድረስ ሸኛቸው፤ ቴምርም በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው። ወይዘሮ ሐረገወይን የዓይናዲስን ግንባር ስመው «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። መንገደኛ ሁሉ ሲለያይ የሚለው ነውና፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» ብሎ መለሰ። ሐሙስ ጧት ከዳኛው ፊት ቆሙ፤ ዝማሬም ለአያቷ ተፈረደች።

ይህን ዘግይቼም ቢሆን ጽፌ የጨረስሁት ዛሬ፣ ሐምሌ ሦስት ቀን ነው። ዓይናዲስ ታሪኩን የጨረሰው ግን በፍርዱ አልነበረም፤ በዚያው ሐሙስ መካነ ብርሃን ለምትኖረው እናቱ ለብርቄ ደውሎ «ደስ ይበልሽ፣ ሦስት ቀን ጾምሁ» ቢላት፣ የመለሰችለት እንዲህ ብላ ነው፦

«ምነው ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል?»