ብርድ የመታው ሊጥ

ዳቦ ጋጋሪው ሌባ ጣቱን እስከ አንጓው ሊጡ ውስጥ ሰደደና መልሶ አወጣው። ቀዳዳው እንደተከፈተ ቀረ። ሦስት ሰዓት ሙሉ በጨርቅ ተሸፍኖ የቆየው ሊጥ ፍንክች አላለም፤ ሲነኩት ጭቃ ነው የሚመስለው።

ይህ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ተጋግሮ ሲወጣ ቢላ አልደፈረውም፤ ሁለተኛውን ምድጃ ሳያስገባ ነው የደፋው። ከቤተሰቡ ጋር ትቶት በመጣው ሞቃት አገር ፊቱን ታጥቦ እስኪመለስ ሊጡ ከሳፋው ገንፍሎ ይጠብቀው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሲጋግር አንድም ቀን ሊጥ አኩርፎት አያውቅም። አሁን ደግሞ ከመኖሪያቸው ጋር የተያያዘው አዲሱ ዳቦ ቤት በር ላይ «ነገ ጠዋት እንከፍታለን» የሚል ወረቀት በገዛ እጁ ለጥፏል፤ የሰፈሩ ሰው ቆም ብሎ እያነበበ ሲያልፍ በመስኮት አይቷል።

«እጄን ምን ነካው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሚስቱ ነርስ ናት። ወደዚህ ብርድ አገር ያመጣቸው የእሷ ዝውውር ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። ለከሰዓት ተረኛነቷ ልትወጣ ሹራብ በሹራብ ላይ እየደረበች መጣችና ሳፋው ውስጥ አጮለቀች።

«ብርድ መትቶታል» አለች። «ልክ እንደ አባባ። ለምን አብረው አይተኙም?»

ቀልዷን ነው። ሊስቁ ተያዩ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «አንተ፣ እውነቴን ነው እኮ» ብላው ወጣች።

አባባ የጋጋሪው አባት ናቸው። ሙያውንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጓዛቸውን ካወረዱ ዛሬ አስራ አንድ ቀን ሆነ፤ አባባ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ወርደዋል ከማለት አልወረዱም ማለት ይቀላል። አልታመሙም፤ ምራታቸው ሁለት ጊዜ መርምራቸዋለች። «ይሄ ብርድ እስኪያልፍ ልጠብቅ» ብለው፣ ቤት ያፈራውን ብርድ ልብስ ሁሉ ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ብርዱ ገና መጀመሩ እንደሆነ ሊነግራቸው የደፈረ የለም።

ጋጋሪው ሳፋውን አቅፎ ወደ አባቱ ክፍል ገባ።

«አባባ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ።»

«ለማን?»

«ለሊጡ።»

ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ወረደና ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ። ልጃቸውን አዩ፤ ሳፋውን አዩ።

«አንድ ሽማግሌ ማስታመም አልበቃ ብሏችሁ ነው?»

ግን ፈቀቅ አሉ። ሳፋው ጎናቸው ሲገባ ቅዝቃዜው ሰቀጠጣቸው። ጨርቁን ገለጥ አድርገው አሸተቱ፤ ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣታቸው አሹት።

«ውሃው ከየት ነው?»

«ከቧንቧው። እዚያ እንደምናደርገው።»

«እዚያማ ከቧንቧው ሲወርድ ራሱ ለብ ያለ ነበር። ዱቄቱስ የት አደረ?»

«ዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ።»

«በለው! በረዶን በበረዶ ለውሰህ፣ እርሾውን ተነስ ትለዋለህ?»

የጋጋሪው ጆሮ ጋለ። ነገሩ ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው!

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ‹አባባ ይረፉ፣ አባባ አይልፉ› ስትሉኝ ከረማችሁ። ይኸው አረፍኩላችሁ።»

ልጅየው አንድ ነገር ትዝ አለው። ዕቃው ሲጫን አባባ የገዛ ወንፊታቸውን ሊያነሱ ሲሉ፣ ቀድሞ ከእጃቸው የተቀበላቸው እሱ ነው። «ይቀመጡ» ብሏቸው ነበር። ክብር የሰጣቸው መስሎት ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባባ አንድ ክንዳቸውን ሳፋው ላይ አሳርፈው ብርድ ልብሶቹን በላዩ ሳቡ። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲሁ ተቀመጡ። የመስኮቱ መስታወት በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ።

«እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና» አሉ አባባ፣ «ሊጥ ላይ ተጎልቼ ስታገኘኝ ‹ከሊጥህ ጋር ተጋባ!› ትለኝ ነበር።» ክንዳቸውን አመቻቹ። «ይኸው በስተርጅና ዳራችሁኝ።»

ጋጋሪው በሳቅ ፈነዳ። አባባም ብርድ ልብሱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ድንገት ግን ቀጥ አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ!»

«ምን ሆኑ?»

«ነካኝ።»

ጋጋሪው ብርድ ልብሱን ገለጠ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ጨርቁን ወደ ላይ ወጥሮታል፤ የአባባን ክንድ ከስር እየገፋው ነው።

«ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ?» አባባ የለበሱትን ሁሉ ከላያቸው ገፈው ተነሱ። «ሂድ፣ ምድጃውን ለኩስ! ከዚህ በላይ ከቆየ ይኮመጥጣል።» እግራቸው ወለሉን ሲነካ «ውይ!» አሉ፤ ግን አልተመለሱም። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የልጃቸውን ካፖርት ደረቡ። እጅጌው ጣታቸውን አልፎ ተንጠለጠለ። ሳፋውን ሲያነሱ ልጅየው ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ፤ ወዲያው ደግሞ ሰበሰበው።

ወዲያው ከዳቦ ቤቱ በኩል ድምፃቸው ተሰማ። «ይሄን ጠረጴዛ ማን ነው ለብርሃኑ ጀርባ ሰጥቶ ያስቀመጠው? ኧረ በእግዜር!» ጠረጴዛው ሲጎተት ወለሉን ፋቀው።

ጋጋሪው ሊከተላቸው ተነሳና አልጋው ላይ ዓይኑ ቀረ። ፍራሹ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ክብ። ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም በመዳፉ ነካቸው። ሁለቱም ይሞቃሉ።