ቢጫዋን አስቀምጥልኝ

ከድሩ ቢጫዋን በወረንጦ ከአረንጓዴዋና ከቀይዋ መሀል አንስቶ ወደ ጥግ ወሰዳት። ከሱቁ ወጥቶ በመስኮቱ በኩል አየና ራሱን ነቀነቀ። አሁን ደግሞ ጥቁሯ ከቀይዋና ከነጯ ጋር ተሰልፋለች። ያኛውን ባንዲራ ሲሸሽ ይሄኛውን ሰቅሎ አረፈው።

ስድስት የሰዓት ፊቶች ናቸው፤ ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም የማይበልጡ። ዱባይ ካለች የአክስቷ ልጅ ያስመጣቻቸው የሰዓት ጠጋኙ የከድሩ ልጅ ረምዚያ ናት። ባትሪ የማትፈልገውን፣ ክንድ ሲወዛወዝ ራሷን የምትሞላውን ርካሽ ሰዓት ያላሰረ አባወራ ቡራዩ ውስጥ ጥቂት ነው፤ የሁሉም ፊት ግን ወይቧል። ሆድ ዕቃዋን ሳንነካ ፊቷን ብቻ ብንቀይር ሰዓቷ አዲስ ትሆናለች፣ ሱቃችንም ሰው ያገኛል ብላ ነው ረምዚያ ያሰበችው። ስታስብ ቀለም አየች እንጂ ባንዲራ አላየችም።

ከድሩ ግን በመስከረሙ ረብሻ የሱቁ መስታወት ሲረግፍ እዚያው ጠረጴዛው ስር ነበር። ድንጋዩን ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ እሱም እንዲታወቅ አይፈልግም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ የሚያስፈራው ነገር አላጣም። ዕቃውን ወደ አገሩ ወደ ቡታጅራ የሚጭን አይሱዙ ለቅዳሜ ተከራይቷል። ረምዚያ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ተምሬ ቡታጅራ ምን አለኝ ብላ ሁለት ቀን አልቅሳለች፤ ዛሬ ታኅሣሥ አጋማሽ ረቡዕ ነው፣ ማልቀሱን ትታ የመደርደሪያውን መስታወት ትጠርጋለች። 

ፊቶቹን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ሲያፈስ ኦቦ ሂርጳ ገቡ። ከወንዙ ማዶ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን መሬታቸውን ሊወስድ ነበር፤ ቀርቷል ከተባለ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እሳቸው ግን ገና በደንብ አላመኑም። አካም ቡልተን፣ ነጋ እየተባባሉ በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው መሀረብ አውጥተው ፈቱ፤ መስታወቷ የተሰበረ፣ ፊቷ የተጫጫረ ሰዓት። የልጃቸው የለሜሳ ናት። በመስከረም መጨረሻ ወታደሮች ከቤት ሲወስዱት ከክንዱ ወልቃ ግቢው ውስጥ ቀረች። ከነገ ወዲያ ይለቀቃል ተብሏል፤ ሲመጣ እንዲህ ሆና እንዲያያት አልፈለጉም።

ከድሩ ባለ ቀለሞቹን በመዳፉ ሸፈነና ነጯን ብቻ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገ።

«ነጯ ትሻላለች ኦቦ ሂርጳ። ማንንም አታስቀይምም።»

«እጅህን አንሳማ» አሉት።

አነሳ። ሽማግሌው አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩ። ረምዚያ መስታወት መጥረጓን አቆመች። ከድሩ የትኛውን ባንዲራ ይሆን የሚያዩት እያለ ዓይናቸውን ተከተለ።

«ይሄ ኑግ ነው» አሉ ቢጫዋን በጣታቸው ነክተው። አረንጓዴዋን ቡቃያ አሏት፤ ጥቁሯን የታረሰ መሬት፣ ነጯን የባቄላ አበባ። ቀይዋ ላይ ሲደርሱ ከድሩን ቀና ብለው አዩት። በርበሬ የእናንተ አገር ነው፣ እኛ ጋ መች ይሆናል አሉና ሳቁ። ከድሩም ሳይወድ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

ሰማያዊዋ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ ተልባ ነው። ልጄን የወሰዱት ቀን ማሳው እንዳለ አብቦ ነበር። ብቻዬን አጨድኩት፣ እሱ አላየውም።» ሰማያዊዋን ወደ ከድሩ ገፉ። «ይሄን አድርግለት።»

ከድሩ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ። የኋላ ክዳኗን ከፈተ፣ የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪዎቿን አንድ በአንድ ነቀለ፣ የተጫጫረውን ፊት አውጥቶ ሰማያዊዋን አለበሳት። ቆጣሪዎቿን መልሶ አዲስ መስታወት ገጠመላትና ሁለት ሦስቴ ነቀነቃት። ቀጭኗ ቆጣሪ ተንቀሳቀሰች። 

ኦቦ ሂርጳ ሰዓቷን ራሳቸው አሰሯት። ካልተወዛወዘች ትቆማለች አይደል፣ እስኪመጣ እኔ አቆይለታለሁ አሉ። በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዞሩ።

«ለእኔ ደግሞ ቢጫዋን አስቀምጥልኝ። ተልባው የነበረበት ላይ ለከርሞ ኑግ ነው የምንዘራው፣ ከለሜሳ ጋር። ጥቅምት ላይ ሲያብብ እመጣለሁ።»

«ትቀመጥልዎታለች» አለ ከድሩ።

ወጡ። ከድሩ ቢጫዋን በወረቀት ጠቀለላትና እንዳትጠፋበት በእስክሪብቶ ጻፈባት፦ ሂርጳ፣ ጥቅምት። ከዚያ የጻፈውን አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«አባ፣ ቅዳሜስ?» አለች ረምዚያ።

«ጥቅምት ብያቸዋለሁ እኮ» አለ፤ እንደ መቆጣት አደረገው። ጥቅልሏን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ የቀሩትን አራቱን በመዳፉ አፈሰ፣ ወደ መስኮቱም ሄዶ እጁ እንዳገኘ ደረደራቸው። የትኛዋ ከየትኛዋ ጎን እንደዋለች አላየም። ውጭውን ነበር የሚያየው። ኦቦ ሂርጳ አስፋልቱን እየተሻገሩ ነው፤ ሰዓቷ እንዳትቆም ክንዳቸውን ዘር እንደሚበትን ሰው ወዲህ ወዲያ እያወዛወዙ።