በእናቴ ጀርባ ያለፈ ተራ

ፏፏቴው ከገደሉ አናት ቀጥ ብሎ ባሕሩ ውስጥ ይወርዳል አሉ። "አሉ" የምለው ስላላየሁት ነው። በሕጉ ማንም ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው የሚያየው። እኔና ባለቤቴ ጌዲዮን አብረን ልናየው ብለን ተራችንን ስንት ዓመት ቆጥበን ኖርን። እናቴም ልትሸኘን መጣች።

ጌዲዮን ሲጠጋ ወደ ፏፏቴው የሚያስገባው በር ተከፈተለት። እኔ ስጠጋ አልተከፈተም።

"እርስዎ ገብተዋል" አለኝ ዘበኛው።

"መቼ?"

"የአራት ወር ሕፃን ሳሉ።"

ዞሬ እናቴን አየኋት። በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"አዝዬሽ ነበር" አለች። "ተኝተሽ ነበር እኮ! የተኛ ሕፃን ይቆጠራል ብዬ መች አሰብኩ? የትስ ጥዬሽ ልግባ?"

"በሩ የሚቆጥረው እስትንፋስ ነው፣ እማማ" አላት ዘበኛው አዝኖ።

ይህን ሕግ ያወጣ ሰው በሕይወቱ ልጅ አዝሎ አያውቅም።

ጌዲዮን "ልተወውና አብረን እንመለስ" ቢለኝ ገፍቼ አስገባሁት። ሲወጣ ፀጉሩ ርሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"እንዴት ነው?" አልኩት።

"ምንም አይል፤ ውሃ ነው" ብሎ ዋሸኝ።

እናቴ አንገቷን ደፍታ ከፊታችን መንገድ ጀመረች። ልቆጣት ፈልጌ አቃተኝ። የጎበጠ ጀርባዋን እያየሁ ተከተልኳት። ያ ሁሉ ውሃ ፊት ለፊቷ ሲወርድ፣ እኔ ጉንጬን ለጥፌ የተኛሁት እዚህ ላይ ነበር።