የያምሮት ፍንጭት

ያምሮት ስታገባ በላይኛው የፊት ጥርሶቿ መካከል ያለው ፍንጭት ሁለት ነጥብ አንድ ሚሊ ሜትር ነበር። ባሏ አቤኔዘር በሰው ፊት «ፍንጭቴ» እያለ ይጠራት ነበር።

በዚያ ዘመን ፍርድ ቤት የሰው ምስክር አይሰማም። በንክሻ ክስ በችሎቱ ዕለት የተነሳ ባለ ሦስት አውታር የተከሳሽ መንጋጋ ምስል ከንክሻው ጠባሳ ጋር ይነጻጸራል፤ ከገጠመ ባለ ጥርሱ ይታሰራል።

አቤኔዘር ከፍሪጁ በር ጋር አጣብቆ ሲያንቃት፣ ዓይኗ ሲጨልምባት፣ ደሙ አገጯን እስኪያርሰው ክንዱን ነከሰችው። የጣቶቹ ምልክት በሳምንት ከአንገቷ ጠፋ፤ ክንዱ ላይ ግን ጠባሳ ቀረ።

«የገዛ ጥርስሽ ያሳስርሻል» አላት እየሳቀ፤ ከሰሳትም።

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ሰብለ የመንጋጋዋን ምስል እያዞረች አየችው። «ልዝጋው? ሰው ከፍሎ የሚያሠራውን ፍንጭት?»

«እኔ ከምታሰር ጥርሴ ይታሰር፣ ዶክተር።»

ጥርሷን ያሰረው ሽቦ አምስት ወር አሠቃያት። በችሎቱ ዕለት የፍርድ ቤቱ ማሽን የመንጋጋዋን ምስል አንስቶ «አይገጥምም» አለ።

«የሷ ነው! ፍንጭቷን አላውቀውም እንዴ?» ብሎ አቤኔዘር ጮኸ። ምስክር ግን አይሰማም።

የያምሮት ፍንጭት ዜሮ ሚሊ ሜትር ተብሎ ተመዘገበ። በአቤኔዘር ክንድ ላይ ዛሬም ሁለት ነጥብ አንድ ነው።